ከፈረሱ ኋላ

ጡረታ የወጣሁት አምና ነው። ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ አስቆረሱኝ፣ አንድ ኃላፊም ስለ እኔ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ስሜን ግን ሁለቴ ተሳሳተ። ይሁን፣ ምን ይደረግ! ሰው ጡረታ ሲወጣ እንቅልፍ ይጠግባል የሚሉት ነገር ግን ውሸት ነው። እኔ ዛሬም ጎህ ሲቀድ እነቃለሁ። ነቅቼ የምሠራው ስለሌለኝ አልጋዬ ላይ ሆኜ በመንገዱ የሚያልፈውን እግር አዳምጣለሁ። የጎረቤቴ ዘበኛ ቀኝ ጉልበቱን ያመዋል፤ ለማንም አልተናገረም፣ እኔ ግን አውቃለሁ። ወተት የምታመጣው ሴት ጫማዋ ሰፍቷታል። አንዳንድ ቀን ደግሞ የማን እንደሆነ የማላውቀው እግር ያልፋል፤ ያን ጊዜ ትንፋሼን ውጬ እስኪርቅ እጠብቃለሁ።

ደብሬ እባላለሁ። የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት እንጅባራ፣ የረጅም ርቀት ሯጮችን በማሰልጠን ነው። መጀመሪያ የተመደብኩት ግን ግምጃ ቤት በምትባለው ከተማ፣ የስፖርት መምህርት ሆኜ ነበር። በገበያ ቀን ሜዳችንን ጋሪ ይሞላውና ልጆቹን በኩንታልና በአህያ መሃል አስሮጣቸው ነበር። ከዚያ ዳንግላ ተዛወርኩ። የዳንግላው አለቃዬ ሩጫ የሚባል ነገር አይጥመውም። «ሩጫ ምን አሰልጣኝ ያስፈልገዋል? ውሻ ያባረረው ሁሉ ይሮጣል። ይልቅ መረብ ኳስ አስተምሪ» ይለኝ ነበር። ደመወዙንና የዝውውር ደብዳቤውን ተዉት፤ እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ ዳንግላን የምወዳት ጋሼ አንዳርጌን ስላገኘሁባት ነው።

ጋሼ አንዳርጌ አንጋፋ አሰልጣኝ ነበሩ። ልጆቹ ሲሮጡ ግን አያዩአቸውም። መታጠፊያ ላይ ይቆሙና ጀርባቸውን ይሰጧቸዋል። ዝናብ ኖረም አልኖረም ጥቁር ዣንጥላቸውን መሬት ላይ ተክለው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ልጆቹ ካለፉ በኋላ፣ ዞር እንኳ ሳይሉ፣ «ሦስተኛው ግራ ተረከዙን ይጥለዋል፤ ጫማውን እዩለት። ከእሱ ቀጥላ ያለፈችው ትከሻዋን አኮማትራለች፤ ትንፋሿ የሚታፈነው ለዚያ ነው» ይላሉ። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት፣ ኧረ ምን ዓይነት ጠንቋይ ላይ ጣለኝ ብዬ ነበር። እያደር እኔንም ጀርባዬን አዙረው አቆሙኝ። ዓይን ካለ ሁሉም ሰው የፊተኛውን ብቻ ያያል፣ የኋለኞቹን ማን ይጠብቃቸው ይሉ ነበር። ስንት ክረምት አብሬያቸው ቆምኩ! በመጨረሻ የልጆቹን ስም በእግራቸው እጠራ ጀመር። አሁን ልጆቹ ክንዳቸው ላይ የሚያስሩት ሰዓት የልብ ምታቸውን ሳይቀር ይነግራቸዋል። እሰየው ነው፤ እኛ ግን ያደግነው በጆሮ ነው።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። አዲስ ልጅ ሲመጣ «ምን ያስሮጥሃል?» ይሉታል፤ ሴት ከሆነች «ምን ያስሮጥሻል?» መልሱን ይሰሙና «እሺ፣ ይሁን» ብለው ይተውታል። ክረምቱ አልፎ ልጁ ጭቃውንም ብርዱንም ከቀመሰ በኋላ ያንኑ መልሰው ይጠይቁታል። እውነቱ የሚወጣው ያኔ ነው። እኔንም ጠይቀውኝ ነበር፣ በልጅነቴ ስለሮጥኩት ሩጫ። «ለጤንነት» አልኳቸው። ሳቁብኝ። ክረምቱ ሲያልፍ ታላቅ ወንድሜ በሰው ፊት «አንቺ እኮ ዳክዬ ነሽ» ስላለኝ መሆኑን ተናዘዝኩ። ንዴቱ እስከ ዛሬም አልወጣልኝም።

ጥያቄውን ወረስኩትና ስንቱን ሰማሁበት! «አገሬን ላስጠራ» ብሎ የጀመረው ልጅ፣ አባቱ ጠጥቶ ሲገባ ቤት ላለመገኘት እንደሚሮጥ ነገረኝ። አንዲቱ ሊድሯት ያሰቡለትን ሰውዬ ፊት ባሰበች ቁጥር ዳገቱ ሜዳ ይሆንላታል። አንዱ ምስኪን ይንተባተባል፤ ሮጦ በደከመው ሰዓት ብቻ ቃላቱ ሳይሰናከሉ ይወጡለታል። ሌላዋ ደግሞ ምንም ምክንያት የላትም፤ «ደስ ይለኛላ!» ብላ ትስቃለች፤ እሷን ሳይ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። እንደ ትርንጎ መልስ ያስደነገጠኝ ግን የለም።

ትርንጎ የአዲስ ቅዳም ወገን የገበሬ ልጅ ናት። እንጅባራ ቤት ተከራይታ ትማር ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሰው ሲያናግራት ከጆሮ ግንዱ አለፍ ብላ የምታይ ልጅ። «ምን ያስሮጥሻል?» አልኳት። «ጫማ ትሰጣላችሁ ሲሉ ሰምቼ ነው» አለችኝ። እሺ፣ ይሁን አልኩ።

ልምምድ የምንሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ በዲከረንሱ መሃል በሚያልፈው መንገድ ነው። ዲከረንስ ለከሰል የሚተከለው ዛፍ ነው። በረድፍ የቆመ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ ዛፍ ስለሆነ ለብዙ ጊዜ ከተራመዱበት የመጡበትን ያስረሳል። ክረምት ላይ ጉሙ ይወርድና የከሰሉ ጭስ ይቀላቀለዋል፤ ያን ጊዜ የዘረጉት እጅ እንኳ በወጉ አይታይም። ከብቱም ወፉም ዝም ይላል። የሚሰማው የልጆቹ እግርና ትንፋሽ ብቻ ነው።

አንድ እንዲህ ያለ ጠዋት መታጠፊያው ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜያለሁ። ልጆቹ መጡ። ቀዳሚዋ አለፈች፤ እግሯን አውቀዋለሁ፣ ቀለል ያለ ነው። ከእሷ ጎን ለጎን ግን ሌላ ነገር አለፈ። ከባድ፣ ባለ አራት እግር፣ ያልቸኮለ። የፈረስ ሶምሶማ ነው። ፈረስ አፍንጫውን ሲያራግፍ የሚያሰማው ድምፅ አለ አይደል? እሱንም ሰማሁ። ከኋላው ትርንጎ፣ ከእሷም ኋላ የቀሩት ተከተሉ። የከሰል ጋሪ መስሎኝ «አንተ ሰውዬ፣ ልጆቹን እንዳትረግጥብኝ!» ብዬ ጮህኩ። መልስ የለም። ዞር ስል ጉም ብቻ ነው። ጎንበስ ብዬ ጭቃውን አየሁት። የታተመው የልጆቹ ጫማ ብቻ ነበር።

ልጆቹን ሰብስቤ ፈረስ አይታችሁ እንደሆነ ስጠይቃቸው ተሳሳቁብኝ። «አሰልጣኝ፣ ጠበል ይግቡ እንጂ!» አለችኝ አንዷ ቀልደኛ። ትርንጎ አልሳቀችም። የጫማዋን ክር ትፈታ ነበር፤ ቀና ብላ ትኩር አድርጋ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች።

ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ሰማሁት። ጥርት ባለ ቀን የለም፣ ጉም ሲወርድ ግን ይመጣል። ለማን ይነገራል? ለአለቆቼ ብናገር ጡረታዬን ያፋጥኑልኝ ነበር።

ትርንጎ ጉልበቷ ለጉድ ነው። ዳገት ላይ ትንፋሿ አይለወጥም፤ እጇ ከደረቷ አያልፍም፤ ከወገቧ በላይ ሲያዩአት ቆማ የምታወራ ትመስላለች። ግን ሁልጊዜ ሁለተኛ ናት። ከፈጣን ልጅ ጋር ሳሰልፋት ሁለተኛ፣ ከደካማ ጋር ሳሰልፋትም ሁለተኛ። ፊት አስቀድሜ ሳስነሳት ጥቂት ትሮጥና መንገድ ለቅቃ ትቆማለች፤ ሌላዋ ስታልፍ ትከተላለች። አጭር ርቀት እየደጋገምኩ አስሮጥኳት። የመጨረሻውን ዙር ብቻ ለይቼ አሠራኋት። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ አኮረፍኩ። «እሺ አሰልጣኝ» ትላለች፤ ሁለተኛ ትወጣለች።

በዚህ መሃል ባሕር ዳር ላይ የክለብ መልማዮች ማጣሪያ አዘጋጁ። ከየርቀቱ አንደኛዋን ብቻ ነው የሚወስዱት። ለትርንጎ ቀልድ አልነበረም፤ አባቷ ሞቷል፣ እናቷ ብቻዋን ናት፣ ክለብ ካልገባች ትምህርቷን ትታ ወደ እርሻው ልትመለስ ነው። አምስት ሺህ ሜትር አሰለፍኳት። እስከ መጨረሻው ዙር ከአንዲት ልጅ በቀር ሁሉንም ጥላቸው ሄደች። ደወሉ ሲደወል የፊተኛዋ አለቀላት፤ እግሯ ተሳሰረ፣ አንገቷ ወደቀ፣ እየተንገዳገደች ነው። እለፊያት! ትርንጎ ግን ቀነሰች። ልጅቱ ስታዘግም አብራ አዘገመች። አጥሩን ይዤ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮህኩ። ተመልካቹ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን ሳቁ ጸጥ አለ። በሁለቱ ልጆች መሃል ለአንድ ፈረስ የሚበቃ ቦታ ነበር፤ ትርንጎ ያንን ቦታ ሳታጠብ፣ ሳታሰፋ፣ እየጠበቀችው መጨረሻው ላይ ደረሰች።

«ተመሳጥራችሁ ነው!» ያለኝም ነበር። መልማዮቹ ከዚያ በኋላ ቀና ብለው አላዩንም። ስንት ዘመን ሳሰለጥን እንደዚያ ቀን የተቃጠልኩበት የለም። በሚኒባሱ ስንመለስ አላናገርኳትም፤ እሷም አላለቀሰችም።

በማግስቱ ጠዋት ዲከረንሱ ውስጥ ይዣት ገባሁና ግንድ ላይ አስቀመጥኳት። ክረምቱ አልፏል።

«ትርንጎ፣ ምን ያስሮጥሻል?»

ከግንዱ ላይ ልጣጭ እየላጠች፣ «እርስዎም ይሰሙታል አይደል?» አለችኝ።

«እሰማዋለሁ» አልኳት።

«የአባዬ ፈረስ ነው።»

እኛ አገር ፈረሰኛ ሲሞት እንዴት እንደሚለቀስ ለማያውቅ ልናገር። ፈረሱ በጌጡ ይሸለማል። የሟቹ ልብስ ኮርቻው ላይ ይደረግና ፈረሱ በለቅሶው መሃል ይሳባል። ሰው ሬሳውን ሲያይ ያልቻለውን፣ ያ ባዶ ኮርቻ ፊቱ ሲያልፍ ነው ጮኾ የሚያለቅሰው። የትርንጎ አባት ስሙ የተጠራ ፈረሰኛ ነበር። የሞተ ሰሞን መንገድ ተዘግቶ፣ ኔትወርክም ጠፍቶ ነበር። በእግሩ የመጣ ዘመድ «አባትሽ አሞታል፣ ድረሽ» ብቻ አላት፤ መርዶ እንዲያ ነው የሚጀመረው። መኪና የለም፣ ባጃጅ የለም። ከዚያ በፊት ሮጣ የማታውቅ ልጅ ያን ቀን ከእንጅባራ እስከ መንደሯ ሮጠች።

«ጉም ነበር» አለችኝ። «ከከተማው እንደወጣሁ ፈረሱን ፊቴ አየሁት። በጭራው አወቅሁት። ‹አባዬ!› አልኩ። አልዞረም። ከኮርቻው ጀምሮ ወደ ላይ ጉም ነው፣ ማን እንደተቀመጠበት አይታይም። ስሮጥ ይሮጣል፣ ሲደክመኝ ያዘግምልኛል። እስከ ደጃችን መራኝ።»

«ከዚያስ?»

«ሰዉ ከቀብር እየተመለሰ ነው። ፈረሱ ጓሮ ታስሯል፣ ጌጡም ኮርቻውም ወርዷል። ሄጄ ነካሁት። ላብ የለውም አሰልጣኝ። ደረቅ ነው። የትም አልሄደም።»

ፈረሱ አርባው ሳይወጣ ሞተ። እሷ ግን ስትሮጥ ይመጣል። ብቻዋን ከሆነች ፊቷ ይሄዳል፤ ሰው ካለ ከቀዳሚዋ ጎን ይሆናል። ፊት ሳስነሳት ከኋላዋ ሲመጣ ትሰማዋለች፤ እስኪያልፍ ትቆማለች።

«ለምን አታልፊውም?» አልኳት።

«ካለፍኩት ኮርቻውን አያለሁ» አለችኝ፤ ድምፅዋ እንደ ሕፃን ሆነ። «ከኋላው እስካለሁ ድረስ እኮ አባዬ ተቀምጦበት ይሆናል።»

ልጅቱን አሟታል እንዳልል እኔም ሰምቻለሁ። ከግንዱ ሌላ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

በዚያው ሰሞን እናቷ ድንች ይዘው ገበያ ሲመጡ ቤቴ ጎራ አሉ። ወሬያችን አልቆ ለመሄድ ከተነሱ በኋላ በሩን ይዘው ቆሙ። «አንድ ነገር ልንገርዎት» አሉኝ። «ይቺ ልጅ አባቷን አላለቀሰችም። እንባ የሚባል ነገር ከዓይኗ አልወጣም። እስከ ዛሬ ‹አባዬ ሞተ› ብላ አታውቅም። ለእረፍት ቤት ስትመጣ፣ ሌሊት ስትነሳ አያታለሁ፤ በሩን ትከፍትና ገለባ ታወጣለች። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እፈራለሁ።» እኔም ፈራሁ።

ጋሼ አንዳርጌ ጡረታ ወጥተው ጥሊሊ ይኖሩ ነበር። ትርንጎን ይዤ ሄድኩ። ጆሯቸው ከድቷቸዋል፤ ሰላምታዬን እንኳ ሦስቴ ጮኼ ነው የሰሙኝ። ስለ ፈረሱ ትንፍሽ አላልኩም፤ «እግሯን ይዩልኝ» ብቻ አልኳቸው። በርጩማቸውን መንገድ ዳር አስወጥተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ዣንጥላቸውን ተክለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትርንጎ ከታች ተነስታ ከጀርባቸው አልፋ ዳገቱን ወጣች። መንገዱ ላይ ሌላ ማንም አልነበረም።

«ልጅቱ ጥሩ ናት» አሉ። «ያ ፊት ፊቷ የሚጋልበው ማነው?»

«ማንም የለም፣ ጋሼ» ብዬ ጆሯቸው ላይ ጮህኩ።

«ደብሬ፣ አታታልይኝ። የሰው ድምፅ ላልሰማ እችላለሁ፤ ኮቴ ግን በዚህ በዣንጥላው በኩል ይመጣልኛል።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተገረሙም። ዣንጥላቸውን ከመሬት ነቅለው፣ «እለፊው እያልሽ አትጩሂባት። እሷ እኮ ለቅሶው አልደረሰችም። ለቅሶ ላይ ደግሞ ሰው ብቻውን አይተውም። አጠገቧ ሁኚ፤ ሌላው የእሷ ነው» አሉኝ። ከዚህ ሌላ የሥልጠና ምክር አልሰጡኝም።

እናቷን ለምኜ አንድ ዓመት አስጨመርኩላት። በዓመቱ መልማዮቹ ወደ እኛው መጡ። ውድድሩ እንጅባራ ዳር፣ ሜዳውንና የዲከረንሱን ጫፍ እየዞረ የሚሮጥ አገር አቋራጭ ነበር። ትርንጎን አናይም ሊሉ ምንም አልቀራቸውም፤ አሳምኜ አስገባኋት። የመጨረሻ ዕድሏ ነው፤ እናቷም ከገበያው ሰው ጋር ሆነው ቆመዋል። ከመነሳቷ በፊት ጠጋ ብዬ፣ «መታጠፊያው ላይ ነኝ። ዛሬ ጀርባዬን አልሰጥም። ብታልፊውም ባታልፊውም እዚያው ታገኚኛለሽ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

መጀመሪያ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ እግዜር ይመስገን አልኩ። የመጨረሻው ዙር ሲጀመር ከዲከረንሱ በኩል ጉሙ ወጣ። ሜዳውን ሸፈነው፤ የተመልካቹ ጩኸት ራቀ፤ ብቻዬን የቀረሁ መሰለኝ። ከዚያ ሰማሁት። የቀዳሚዋን እግር፣ ከጎኗ ሶምሶማውን፣ ከኋላ የትርንጎን። ቀረቡ። የትርንጎ እግር ድንገት ተለወጠ። ፈጠነ። ኮቴውም ፈጠነ፤ ሶምሶማው ቀርቶ ሽምጥ ሆነ፤ መሬቱ ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ዓይኔን ልጨፍን ምንም አልቀረኝም፤ አልጨፈንኩም።

ከጉሙ መጀመሪያ የወጣችው ቀዳሚዋ ናት። ቀጥሎ ትርንጎ በጎኗ ብቅ አለች። በሁለቱ መሃል ማንም አልነበረም። ትርንጎ ግን አንገቷን አዞረች፤ ወደ ልጅቱ አይደለም፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊት ወደሚሆንበት። ቀና ብላ አየች። አንድ ጊዜ ብቻ አፏ ተከፈተ። ከዚያ አለፈች። ኮቴው እዚያው ላይ ቆመ፤ አልራቀም፣ ዝም ብሎ ቆመ።

አቋርጬ ወደ መጨረሻው መስመር ሮጥኩ፤ በዚህ ጉልበቴ! ስደርስ አንደኛ ገብታ ሳሩ ላይ በጉልበቷ ተንበርክካለች። ሰዉ እልል እያለ ነው። አቀፍኳት።

«ባዶ ነው» አለችኝ። «አሰልጣኝ፣ ባዶ ነው። አባዬ ሞቷል።»

ከዚያ ጮኸች። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከዚያች ዝምተኛ ልጅ ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። እልልታው ተቋረጠ። እናቷ ሰዉን ገፍተው ደረሱ፤ ልጃቸውን እንዳዩ ነጠላቸውን አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩና ደረታቸውን መቱ። የመንደራቸው ሴቶች ተከተሉ። እኔም ያለቀስኩት ለይስሙላ አይደለም። በአንዴ ሜዳው ለቅሶ ቤት ሆነ፤ ተሸንፋ የገባችው ልጅ ሳትቀር ሳሩ ላይ ተቀምጣ ታነባለች።

ከመልማዮቹ አንዱ እጁን ዘርግቶ እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል መጥቶ ነበር። ያየውን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀና ጎንበስ አለልኝ።

«ማን ሞቶባት ነው?»

«አባቷ።»

«እኔን! መቼ?»

«አሁን» አልኩት።